ከመፈረማችን በፊት እናንብብ
ስለ ብድር፣ ስለ ወለድና ስለ ተበዳሪ መብት የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ብድር ነው። ስለ ብድር ስንናገር ስለ ፊርማም መናገራችን አይቀርም። ገንዘብ የሚያበድር ሰው ወረቀት ያስፈርማልና።

ፊደል ቆጥራችኋል። ስማችሁን ትጽፋላችሁ። ቀድሞ ጣታችሁን በቀለም ትነክሩ የነበራችሁ፣ አሁን እስክሪብቶ ጨብጣችሁ ትፈርማላችሁ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ስሙን መጻፍ ችሎ የሚፈርምበትን ወረቀት ግን የማያነብ ሰው፣ ጭራሽ ፊደል ከማያውቀው ሰው ይልቅ ሊጎዳ ይችላል። “ይህ እንዴት ይሆናል?” ትሉ ይሆናል። ምክንያቱን ቆይተን ከሕጉ ላይ እናየዋለን። የንግግራችን ፍሬ ነገር ግን ይኸው ነው፦ መጀመሪያ ንባብ፣ ቀጥሎ ፊርማ።

ብድር ክፉ ነው ወይ?

“ሳይቸግር ጤፍ ብድር” ይባላል። ተረቱ የሚነቅፈው ሳይቸግር መበደርን ነው። ለቸገረውማ ብድር መድኃኒት ነው። በሰኔ በሬው የሞተበት ገበሬ ገንዘብ እስኪያጠራቅም ድረስ ዝናቡ አይጠብቀውም። ተበድሮ በሬ ይገዛል፣ ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ይከፍላል። ዘር ያለቀበትም፣ ማዳበሪያ የጎደለውም፣ ልጁ የታመመችበትም እንዲሁ ነው።

ብድርን በሁለት ከፍለን ልናየው እንችላለን። አንደኛው የሚያፈራ ብድር ነው። ለበሬ፣ ለዘር፣ ለማዳበሪያ፣ ለንብ ቀፎ የሚውል ብድር መክፈያውን ራሱ ያመጣል። ሁለተኛው የሚበላ ብድር ነው። ለሠርግ ድግስ፣ ለተዝካር፣ ሰው ምን ይለኛል ተብሎ ለሚገዛ ልብስ የሚውል ብድር በአንድ ቀን ያልቃል። ዳሱ ይፈርሳል፤ ዕዳው ግን ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ ከመበደራችን በፊት “ይህ ገንዘብ ምን ሠርቶ ይመለሳል?” ብለን ራሳችንን እንጠይቅ።

ወለድን በሒሳብ እንየው

የወሰድነው ገንዘብ ዋና ገንዘብ ይባላል። በላዩ ላይ የምንጨምረው ወለድ ይባላል። ወለድ የገንዘብ ኪራይ ነው ማለት ይቻላል።

አበዳሪው “ከመቶው 10 ብር ብቻ ትጨምራለህ” ይላል። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። እኛ ግን “በስንት ጊዜ?” ብለን እንጠይቅ። በዓመት ነው? ወይስ በወር? ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ነው።

እርሳስና ወረቀት ያዙ፤ አብረን እናስላ። 1,000 ብር ተበደርን እንበል።

ወለዱ በዓመት ከመቶ 10 ብር ከሆነ፣ በዓመት የምንጨምረው 100 ብር ነው።

ወለዱ በወር ከመቶ 10 ብር ከሆነ፣ በአንድ ወር ብቻ 100 ብር እንጨምራለን። በ12 ወር 1,200 ብር ይሆናል። ይህ ወለዱ ብቻ ነው። የተበደርነው 1,000 ብር እንዳለ ነው፤ አልተነካም።

ወለዱን በየወሩ መክፈል አቅቶን አበዳሪው በዋናው ገንዘብ ላይ ቢደምረውስ? በሁለተኛው ወር ወለዱ ከ1,100 ብር ላይ ይታሰባል። በሦስተኛው ወር ከ1,210 ብር ላይ ይታሰባል። እንዲህ እያለ 12 ወር ሲሞላ ዕዳው 3,138 ብር ይደርሳል። ወለዱ ራሱ ሌላ ወለድ ወለደ ማለት ነው።

ከመጠን ያለፈ ወለድ አራጣ ይባላል። አራጣ ሁልጊዜ በስሙ አይመጣም። እህል መስሎ የሚመጣበትም ጊዜ አለ። ጎተራው ባዶ በሆነበት በነሐሴ፣ አንድ ነጋዴ “4,000 ብር ልስጥህ፤ በጥር 1 ኩንታል ጤፍ ታገባልኛለህ” ይላል እንበል። ጥር ሲደርስ 1 ኩንታል ጤፍ 6,000 ብር ቢያወጣ፣ ገበሬው በ5 ወር ውስጥ 2,000 ብር ወለድ ከፈለ ማለት ነው። “ወለድ” የሚል ቃል ግን ከማንም አፍ አልወጣም። በቡቃያው የተሸጠ እህል ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ብድር ነው።

ዕዳና መሬት

አባቶቻችን ወለድ አገድ የሚሉትን ነገር ያውቁታል። ገንዘብ የቸገረው ሰው መሬቱን ለአበዳሪው ያስይዝ ነበር። አበዳሪው መሬቱን እያረሰ ምርቱን በወለድ ፈንታ ይወስድ ነበር። ባለ መሬቱ ዋናውን ገንዘብ እስኪመልስ ድረስ መሬቱ ወደ እጁ አይገባም። መሬቱ ከእጁ ከወጣ ደግሞ የሚመልሰውን ገንዘብ ከየት ያመጣል? ስለዚህ በወለድ አገድ የተያዘ መሬት እንደ ወጣ የሚቀርበት ጊዜ ነበር። ጭሰኛውም በበኩሉ የዘርና የእህል ዕዳ ለባለ መሬቱ ይኖርበት ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ወጣ። አዋጁ መሬት መሸጥን፣ መለወጥን፣ በመያዣና በወለድ አገድ መስጠትን ከለከለ። ጭሰኛውንም ለባለ መሬቱ ከነበረበት ዕዳ ነፃ አወጣው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይደነግጋል።

በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324 ወጣ። በዚህ አዋጅ ገበሬው በመሬቱ የመጠቀም መብቱን ለገንዘብ ተቋም በዋስትና አስይዞ መበደር ይችላል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረትን፣ ከብትና እህልን ጭምር፣ ለብድር ማስያዝ እንዲቻል አድርጓል። እነዚህ ሕጎች ገንዘብ ለማግኘት በር ከፍተዋል። በዚያው በር ግን ንብረት ሊወጣም ይችላል። መያዣ ብለን የጻፍነው በሬ ብድሩ ካልተከፈለ የአበዳሪው መክፈያ ይሆናል። እንግዲያውስ በወረቀቱ ላይ “መያዣ” የሚለውን ቃል ስናገኝ ቆም ብለን ደጋግመን እናንብብ።

ሕጉ ለተበዳሪው ምን ጥበቃ አደረገ?

ብዙ ሰው ሕግ የአበዳሪ ብቻ ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ብድር የሚናገር ክፍል አለው። ይህ ክፍል እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ዋና ዋናዎቹን ቀለል አድርገን እንንገራችሁ።

አንደኛ፣ ግለሰብ ለግለሰብ ሲያበድር ወለዱ በዓመት ከመቶ 12 ብር እንዳይበልጥ ሕጉ በቁጥር 2479 ይከለክላል። ቅድም ባሰላነው 1,000 ብር ላይ ይህ በዓመት 120 ብር ነው። በወር ከመቶ 10 ብር የሚጠይቀው አበዳሪ ግን 1,200 ብር ይፈልጋል። ሕጉ ከፈቀደው አሥር እጥፍ ጠየቀ ማለት ነው። ባንኮችና የብድርና ቁጠባ ተቋማት በሌላ ሕግ ስለሚተዳደሩ የእነርሱ ወለድ ከዚህ ሊለይ ይችላል።

ሁለተኛ፣ የሰው ችግር አይቶ፣ አለማወቁንና ድካሙን ተጠቅሞ በአራጣ ማበደር ወንጀል ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በቁጥር 712 ያስቀጣል። አራጣ አበዳሪ በእስራት ሊቀጣ ይችላል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ የአንዱን ችግር፣ የዋህነት ወይም እርጅና መጠቀሚያ በማድረግ የተደረገ፣ ሚዛኑ ከመጠን በላይ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ውል በፍርድ ቤት ሊፈርስ ይችላል። ይህ በቁጥር 1710 ተጽፏል። ግን ዝም ብሎ አይፈርስም። ተጎጂው በሁለት ዓመት ውስጥ ዳኛ ፊት ቀርቦ መጠየቅ አለበት። ዝም ያለ ሰው መብቱ ያልፍበታል።

አራተኛ፣ ማንበብ የማይችል ሰው ወይም ዓይነ ስውር ያደረገው የጣት አሻራ ወይም ፊርማ፣ በውል አዋዋይ ሹም ወይም ሥራውን በሚሠራ ዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ በቀር አያስገድደውም። ይህ በቁጥር 1728 ይገኛል። ሕጉ ይህን ያደረገው ፊደል የማያውቀውን ሰው ከተንኮል ለመጠበቅ ነው።

አሁን በመጀመሪያ ወዳነሣነው ነገር እንመለስ። ይህ የመጨረሻው ጥበቃ የተደረገው ማንበብ ለማይችል ሰው ነው። ማንበብ የሚችል ሰው ሲፈርም ግን “አንብቦ፣ ተረድቶ፣ ተስማምቶ ፈረመ” ይባላል። ስማችንን መጻፍ ከተማርንበት ቀን ጀምሮ ፊርማችን ታስረናለች። ዳኛ ፊት ቆመን “አላነበብኩትም ነበር” ብንል መልሱ “ለምን ፈረምክ?” ነው። ስሙን መጻፍ ብቻ ተምሮ ንባቡን የተወ ሰው፣ የማያውቀውን ሰው ጋሻ ጥሏል፤ የሚያውቀውን ሰው ጋሻ ደግሞ ገና አላነሣም። ራቁቱን ነው። ትምህርታችንን በስም መጻፍ ላይ እንዳናቆም የምንለምናችሁ ስለዚህ ነው።

ዳኛው የሚያየው ወረቀቱን ነው

“በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል” ይላሉ አባቶች። የብድር ነገር እንዲሁ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 2472 እንደሚለው፣ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነትና መሐላ ብቻ ነው። ምስክር ቆጥሮ ማስረዳት አይቻልም። ሕጉ ሲወጣ 500 ብር ብዙ ገንዘብ ነበረ። ዛሬ ግን ትንሽ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ብድር በዚህ ሕግ ሥር ይወድቃል።

ይህን ሰምታችሁ “መልካም፤ አበዳሪው ወረቀት ከሌለው አያስከፍለኝም” እንዳትሉ። ሕጉ ወደ ሁለቱም ወገን ይቆርጣል። ከ500 ብር በላይ መክፈላችንንም የምናስረዳው በዚሁ መንገድ ነው። ጎረቤት እያየ 5,000 ብር ቆጥረን ብንመልስ፣ ደረሰኝ ካልያዝን ነገ “አልተከፈለኝም” ሊባል ይችላል። ጎረቤታችን “በዓይኔ አይቻለሁ” ቢል ቃሉ ላይጠቅመን ይችላል። ሁለት ጊዜ መክፈል ማለት ይህ ነው። ዕዳ ከሜዳ!

ተንኮለኛ አበዳሪም ይህን ሕግ ያውቃል። ስለዚህ ተንኮሉን ወረቀቱ ውስጥ ይቀብረዋል። እንዴት? ጥቂቱን እናንሣ።

ወለዱን ከዋናው ጋር ቀላቅሎ ይጽፋል። 1,000 ብር ሰጥቶ “1,500 ብር ያለ ወለድ ተበድሬአለሁ” ብላችሁ እንድትፈርሙ ያደርጋል። ወረቀቱን የሚያይ ዳኛ አራጣውን ከወዴት ያገኘዋል? ከመቶ 12 ብር የሚለው ሕግ ሊጠብቀን የሚችለው፣ የወሰድነው ዋና ገንዘብ በትክክል ሲጻፍ ነው።

በቁጥሩ ጎን ባዶ ቦታ ይተዋል። 500 ብር ተብሎ ከተፈረመ በኋላ አንድ ዜሮ ቢጨመርበት 5,000 ብር ይሆናል። ገንዘቡ በፊደልም ተጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ “አምስት መቶ” የሚለው ቃል “አምስት ሺህ” ሊሆን ባልቻለ ነበር።

ባዶ ወረቀት ያስፈርማል። “ጸሐፊው ዛሬ የለም፤ አንተ ፈርም፤ እኔ በኋላ አስሞላዋለሁ” ይላል። በባዶ ወረቀት ላይ የፈረመ ሰው ቤቱን ክፍት ትቶ የሄደ ሰው ነው።

ያስቸኩላል። “አይዞህ፣ ለወጉ ያህል ነው። አታምነኝም ወይ?” ይላል። ይህን ስንሰማ ጆሮአችን ይቁም። መተማመን ካለ ማንበብ ምን ይጎዳል? ወረቀቱን ቤት ወስደን፣ ልጃችንንም አስነብበን፣ ነገ እንመለስ ስንለው የሚቆጣ አበዳሪ ወረቀቱ ውስጥ የደበቀው ነገር ሊኖር ይችላል።

ስለ ዋስ

በአገራችን ዋስ ሁን ሲባል እምቢ ማለት ነውር ነው። ዘመድ ለዘመድ፣ ጎረቤት ለጎረቤት ዋስ ይሆናል። ደግ ነገር ነው። ነገር ግን ዋስ ማለት ምስክር ማለት አይደለም። ተበዳሪው ካልከፈለ የሚከፍለው ዋሱ ነው።

ሕጉ ለዋስም ጥበቃ አድርጓል። ዋስትና በጽሑፍ መሆን አለበት። በቁጥር 1922 እንደተጻፈው ደግሞ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ ገንዘብ ስንት እንደሆነ በውሉ ላይ ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም። እንግዲህ ዋስ ስንሆን “እስከ ስንት ብር?” ብለን ጠይቀን ቁጥሩን በዓይናችን እንይ። በወረቀቱ ላይ ዋሱና ተበዳሪው “በአንድነትና በነጠላ” ኃላፊ ናቸው የሚል ቃል ካለ ደግሞ፣ አበዳሪው ተበዳሪውን ትቶ በቀጥታ ወደ ዋሱ ሊመጣ ይችላል።

ብዙ የገጠር ብድርና ቁጠባ ተቋማት የሚያበድሩት ሰዎችን በቡድን አደራጅተው፣ አንዱ ለሌላው ዋስ እንዲሆን በማድረግ ነው። በዚህ ዓይነት ቡድን የሚገባ ሰው የራሱን ብቻ ሳይሆን የጓደኞቹንም ዕዳ እንደ ተሸከመ ይወቅ። ቡድኑን ስንመርጥ የሚሠራውንና ቃሉን የሚጠብቀውን ሰው እንምረጥ።

እናቶች ሆይ፣ ይህን ደግሞ ልብ በሉ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ ባል ወይም ሚስት ለብቻቸው ከ500 ብር በላይ እንዳይበደሩ፣ እንዳያበድሩ፣ ለሌላም ሰው ዋስ እንዳይሆኑ ይላል። የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ክልሎችም የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። ባል ብቻውን ጠጅ ቤት ተቀምጦ የሚፈርመው ዕዳ የሚስትንና የልጆችን ጎተራ ይነካል። ስለዚህ የብድር ወረቀት ምድጃ ዳር ተቀምጦ፣ ባልና ሚስት አብረው የሚያነቡት ወረቀት ይሁን።

በሌላ አገር የሆነውን እንስማ

በወረቀት መታለል የድሃ አገር ሰው ዕጣ ብቻ ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም። ብዙ ሰው ማንበብ በሚችልበት በአሜሪካም የሆነ ነው።

እዚያ አገር የብድር ካርድ የሚባል ነገር አለ። እንደ መታወቂያ የምታህል የላስቲክ ቁራጭ ናት። ሰውዬው ሱቅ ገብቶ ዕቃ ይወስዳል፤ ካርዱን ያሳያል። ባለ ሱቁ ገንዘቡን ከባንክ ያገኛል። ገዢው ደግሞ የባንኩ ባለ ዕዳ ይሆናል። በቀጠሮው ሁሉንም ከከፈለ ብዙውን ጊዜ ወለድ የለበትም። ካልከፈለ ግን በቀረው ላይ ወለድ ይቆጠራል። ባንኩ “በዚህ ወር ይህችን ትንሽ ብቻ ብትከፍል ይበቃል” ይለዋል። ሰውዬው ደስ ይለዋል። ትንሽ ትንሽ እየከፈለ ግን ዕዳው ለዓመታት አይለቀውም፤ የሚከፍለው አብዛኛው ለወለዱ ይሄዳልና።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1958 ባንክ ኦፍ አሜሪካ የተባለው ባንክ፣ በካሊፎርንያ በምትገኘው በፍሬዝኖ ከተማ፣ ወደ 60,000 የሚሆኑ ካርዶችን ማንም ሳይጠይቀው በፖስታ ላከ። ሌሎችም ባንኮች ይህንኑ ተከተሉ። ያልጠየቁት ዕዳ ቤት ድረስ መጣ ማለት ነው። ካርዱ በመንገድ ቢሰረቅስ? ሌላ ሰው ቢገዛበትስ? ሕዝቡ አቤቱታ አበዛ። ከዚያ በኋላ ሕጎች ተራ በተራ ወጡ። በ1968 የወጣው ሕግ አበዳሪ የወለዱን ልክ በዓመት አስልቶ በግልጽ እንዲናገር አስገደደ። በ1970 ሰው ሳይጠይቅ ካርድ መላክ ተከለከለ፤ በተሰረቀ ካርድ ሌላ ሰው ቢገዛበትም ባለቤቱ ከ50 ዶላር በላይ እንዳይጠየቅ ተደነገገ። በ1974 የወጣው ሕግ ደግሞ ተበዳሪው በሒሳቡ ላይ ስሕተት ሲያገኝ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያመለክት መብት ሰጠው።

ከዚህ ምን እንማራለን? ሁለት ነገር። አንደኛ፣ እዚያም አገር ዋናው ጥያቄ “ወለዱ በዓመት ስንት ነው?” የሚለው ነው። ሁለተኛ፣ በ60 ቀን ውስጥ ማመልከት የሚችለው የተላከለትን ሒሳብ ያነበበ ሰው ብቻ ነው። ሒሳቡን ሳያነብ መሳቢያ ውስጥ የሚጥል ሰው፣ የተማረ ቢሆንም ሕጉ አይደርስለትም።

ስልክም ወረቀት ሆኗል

ይህ ነገር ወደ እኛም መጥቷል። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ጀመረ። በስልክ ገንዘብ መላክና መቀበል በየገጠሩ ተለመደ። በ2014 ዓ.ም. በዚያው በቴሌብር በኩል በስልክ መበደር ተጀመረ። የባንክ ካርድም በየከተማው በዝቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1205 ደግሞ በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚደረግ ውል በሕግ ፊት ዋጋ እንዳለው ይደነግጋል።

እንግዲህ በስልኩ ላይ “እስማማለሁ” የሚለውን ስንጫን ፈረምን ማለት ነው። እስክሪብቶ የለም፣ ምስክር የለም፣ ዳኛ የለም። ጣት ብቻ ናት። ቀድሞ ጣታችን በቀለም ትፈርም ነበር፤ አሁን ደግሞ በመስተዋት ላይ ትፈርማለች። ከመጫናችን በፊት ስንት ብር እንደምንወስድ፣ ስንት እንደምንመልስ፣ በስንት ቀን እንደሆነ እናንብብ። ልጁ ፈጥኖ ቢጫንልንም “ቆይ፣ አንብብልኝ” እንበለው።

የምስጢር ቁጥራችንን ለማንም አንስጥ። “ከባንክ ነው የምደውለው፤ ሽልማት ደርሶሃል፤ ቁጥርህን ንገረኝ” የሚል ሰው ሌባ ነው። የምስጢር ቁጥር የጎተራ ቁልፍ ነው። ቁልፉን ለመንገደኛ ሰጥተን “እህሌ ጠፋ” ብንል ማን ያዝንልናል?

ምን እናድርግ?

እንግዲህ የተናገርነውን እንሰብስበው።

1. ብድሩ ምን እንደሚሠራልን ሳናውቅ አንበደር። ከአራጣ አበዳሪ በፊት የቁጠባና ብድር ማኅበርን፣ ዕቁብን፣ ዘመድን እንይ።

2. “ወለዱ በዓመት ስንት ነው?” ብለን እንጠይቅ። መልሱን በሒሳብ አስልተን በብር እንወቀው።

3. ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ሳናነብ አንፈርም። ያልገባንን ቃል ሌላ ሰው እናስነብብ። አንባቢው የአበዳሪው ወገን ብቻ አይሁን።

4. ገንዘቡ በአኃዝም በፊደልም ይጻፍ። ቀኑ፣ ዋናው ገንዘብ፣ ወለዱና የመክፈያው ጊዜ ለየብቻ ይጻፉ። ባዶ ቦታው በመስመር ይዘጋ።

5. ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት። አንዱን ቅጂ እኛ ቤት እናስቀምጥ።

6. ስንከፍል ደረሰኝ እንቀበል። ዕዳው ሲያልቅ የብድሩን ወረቀት ከአበዳሪው ተቀብለን እንቅደደው፤ የመጨረሻውን ደረሰኝ ግን እናስቀምጥ።

7. ከተበደልን ዝም አንበል። ጊዜው ሳያልፍ ወደ ፍርድ ቤት እንሂድ።

እናቶችና አባቶች፤ ብዙዎቻችሁ ቀን ስታርሱና ስትፈጩ ውላችሁ፣ ማታ በኩራዝ ብርሃን ፊደል ቆጥራችኋል። ይህን ሁሉ የደከማችሁት ስም ለመጻፍ ብቻ አይደለም። አንድ ወረቀት በእጃችሁ ሲገባ “ይህ ምን ይላል?” ብላችሁ ሌላ ሰው እንዳትለምኑ ነው። ዛሬ ማታ እቤታችሁ ያለውን ማንኛውንም ወረቀት አውጡ። የማዳበሪያ ደረሰኝ ይሁን፣ የቁጠባ ደብተር ይሁን፣ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ይሁን፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አንብቡት። ያልገባችሁን ቃል አስምሩበትና ነገ ወደ ንባብ ስትመጡ ይዛችሁት ኑ። አብረን እናነበዋለን።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. የሚያፈራ ብድርና የሚበላ ብድር ልዩነታቸው ምንድን ነው? ከሰፈራችሁ ምሳሌ ስጡ።

2. አንድ ሰው 2,000 ብር በወር ከመቶ 5 ብር ወለድ ቢበደር፣ የዓመቱ ወለድ ስንት ይሆናል? ሕጉ ለግለሰብ አበዳሪ ከፈቀደው በስንት ብር ይበልጣል?

3. 5,000 ብር ስንከፍል ምስክር ብቻ መቁጠር የማይበቃው ለምንድን ነው?

4. ዋስ ከመሆናችን በፊት በወረቀቱ ላይ ምን ማየት አለብን?

5. “1,000 ብር ከአቶ እገሌ ተበድሬአለሁ” ብሎ የሚጀምር የብድር ውል በደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ገንዘቡን በአኃዝና በፊደል፣ ወለዱን፣ ቀኑንና የመክፈያውን ጊዜ አትርሱ።